ስምንቱ የእንጨት ኩቦች፤ የፍሬድሪክ ፍሮቤል ሕይወት

በከተሞቻችን የሚዘዋወር ሰው በየሰፈሩ አጥርና በር ላይ አፀደ ሕፃናት የሚል ጽሑፍ ሳያነብ አይውልም። አፀድ ማለት የታጠረ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ይህ የአትክልተኛ ቃል ሕፃናት በሚውሉበት ቤት በር ላይ እንዴት ሊወጣ እንደ ቻለ ጠይቆ የሚያውቅ ግን ብዙ ሰው አይመስለንም። ቃሉ የራሳችን ነው፤ ሐሳቡ ግን ከጀርመን አገር የመጣ ነው። በ1840 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ዓመት የሆነ አንድ መምህር ለትንንሽ ልጆች ላቋቋመው ቤት ስም ሲፈልግ ቆይቶ የልጆች የአትክልት ቦታ ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እየተተረጐመ እኛ ዘንድ ደረሰ።

እኛን ስለዚህ ሰው እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን የበር ላይ ጽሑፍ ሳይሆን የኮምፒዩተር ነገር ነው። ዛሬ በብዙ አገር ልጆች የኮምፒዩተር ጨዋታ መሥራት ሲማሩ መጀመሪያ የሚቀርብላቸው ስክራች የተባለው ፕሮግራም ነው። በስክራች ልጁ ትእዛዙን በፊደል አይጽፍም፤ ትእዛዞቹ በየቀለማቸው ብሎክ ብሎክ ሆነው ስለሚቀርቡለት እነሱን እየጐተተ አንዱን ከሌላው ሥር ይገጥማል፤ የገጠመውም ነገር ወዲያው በስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ ያያል። ይህን ፕሮግራም በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሠራው ቡድን ራሱን የዕድሜ ልክ አፀደ ሕፃናት ብሎ ሰይሟል። ስሙ ለቀልድ የወጣ አይደለም። በስክሪኑ ላይ ለሚታዩት ብሎኮች አያት የሚሆኑት ከ180 ዓመት በፊት በአንዲት የጀርመን ከተማ ልጆች እጅ የገቡት የእንጨት ኩቦች ናቸውና፤ የኩቦቹም ባለቤት ፍሬድሪክ ፍሮቤል ይባላል።

ፍሮቤል ሚያዝያ 21 ቀን 1782 በቱሪንጊያ ውስጥ በደን በተከበበች ኦበርቫይስባኽ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የሉተራን ቄስ ነበር፤ አያሌ መንደሮችን ያገለግል ስለ ነበር ለራሱ ቤት የሚተርፍ ጊዜ አልነበረውም። እናቱ ልጇ አንድ ዓመት ሳይሞላው ሞተች። አባቱም ሌላ ሚስት አገባ። እንጀራ እናቱ በመጀመሪያ ወደደችው፤ የራሷን ልጅ ከወለደች በኋላ ግን ፊቷን አዞረችበት፤ በቤተ ሰብ መካከል የሚነገረውን አንተ የሚለውን አጠራር እንኳ ትታ እንደ ባዕድ ሰው ትጠራው ጀመር። ፍሮቤል የራሱን ታሪክ ሲጽፍ ይህችን የአንዲት ቃል ለውጥ አልዘነጋትም። አንተና እርስዎ የሚያስከትሉትን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ የዚያን ልጅ ልብ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አባቱ ልጁ ትምህርት የማይገባው ደካማ መስሎት ከወንዶቹ ለይቶ ከሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት አስገባው። ብቸኛው ልጅ በአባቱ የአትክልት ቦታ ውስጥ አበባ ሲመለከት ይውል ነበር። አሥር ዓመት ሲሞላው ግን የእናቱ ወንድም አዝኖለት ሽታትኢልም ወደምትባል ከተማ ወሰደውና አምስት ዓመት ያህል ከልጆች ጋር እየሮጠ፣ እየዘለለ፣ እየተጫወተ አደገ። በሕይወቱ ጨዋታን ያገኘው ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህም ይመስለናል ዋጋውን ያወቀው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመቶች በአጭሩ እናልፋቸዋለን፤ ሥራ ያልያዘለት ወጣት ታሪክ በየአገሩ አንድ ነውና። በአሥራ አምስት ዓመቱ ከአንድ የደን ሹም ዘንድ ሙያ እንዲማር ተሰጠ፤ ሹሙ ሥራውን የሚያውቅ ነገር ግን ማስተማር የማይሆንለት ሰው ስለ ነበር ልጁ ሁለቱን ዓመት ከመጻሕፍትና ከዛፎች ጋር አሳለፈ። በ1799 የና ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ዕዳውን መክፈል አቅቶትም ዘጠኝ ሳምንት በዩኒቨርሲቲው እስር ቤት ተቀመጠ። ከዚያም መሬት ቀያሽ፣ ጸሐፊ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ሆነ። በ1805 የሕንፃ ሥራ ለመማር ወደ ፍራንክፈርት ሄዶ ሳለ የአንድ ትምህርት ቤት ኃላፊ የሆነ ግሩነር የሚባል ሰው አገኘውና አንተ መምህር እንጂ የሕንፃ ሰው አይደለህም ብሎ መከረው። ፍሮቤልም ምክሩን ተቀብሎ ከልጆቹ ፊት በቆመ ጊዜ ዓሣ ውኃ ውስጥ እንደ ገባ ያህል ተሰማው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ መምህራን ሁሉ ስለ ስዊሱ ፔስታሎዚ ይነጋገሩ ነበር። ፔስታሎዚ ልጅ ቃሉን ከመሸምደዱ በፊት ነገሩን በዓይኑ ይይ፣ በእጁም ይዳስስ የሚል መምህር ነው። ፍሮቤል ወደ ኢቨርዶን ሄዶ ትምህርት ቤቱን ጐበኘ፤ ከ1808 እስከ 1810 ድረስም ሦስት ልጆችን በሞግዚትነት ይዞ እዚያው ተቀመጠ። ብዙ ተማረ፤ ግን ልቡ አልሞላም። ልጁ የሚያየው ነገር ሁሉ ለየብቻው ነበርና አንዱ ከሌላው ጋር በምን እንደሚያያዝ የሚያሳየው አልነበረም።

ይህን ማያያዣ ያገኘው በትምህርት ቤት ውስጥ ሳይሆን ከድንጋይ መካከል ነው። በ1812 በርሊን ሄዶ ክርስቲያን ሳሙኤል ቫይስ ከተባለው የክሪስታል ሊቅ ዘንድ ተማረ። በ1813 ናፖሌዎንን ለመውጋት በፈቃደኝነት ከሉትሶቭ ጦር ጋር ዘመተ። በዚያ ዘመቻ በኋላ የተከተሉትን ሁለት ጓደኞች፣ ሚደንዶርፍንና ላንጌታልን አገኘ። ከጦርነቱ በኋላ በቫይስ ሥር በበርሊኑ የማዕድን ቤተ መዘክር ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ ክሪስታሎችን ሲደረድርና ሲመረምር ይውል ነበር። ኩቡ፣ ዘንጉ፣ ባለ ስምንት ገጹ፣ ሁሉም ለዓይን የተለያዩ ሲሆኑ ከአንድ ሕግ የወጡ፣ አንዱ ከሌላው እየተወለደ የሚሄድ መሆናቸውን አየ። የልጅ አእምሮም እንዲሁ ነው ብሎ አመነ፤ ከውጭ የሚሞላ ጋን ሳይሆን ከውስጥ በራሱ ሕግ የሚያድግ ነገር ነው አለ። አንባቢ ሆይ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በልጆች እጅ የሚገቡት ኩቦች የተወለዱት በዚህ ክፍል ውስጥ ነው።

በ1816 ቤተ መዘክሩን ትቶ ሄደ። ከወንድሞቹ አንዱ በ1813 ሞቶ ልጆቹ አባት አጥተው ነበርና፣ ፍሮቤል እነዚህንና የሌላውን ወንድሙን ልጆች፣ በጠቅላላው አምስት የወንድም ልጆች ይዞ ግሪስሃይም በምትባል መንደር ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በዓመቱም ወደ ካይልሃው አዛወረው። በ1818 በበርሊን በድሎት ያደገችውን ሄንሪየተ ሆፍማይስተርን አገባ። ወይዘሮይቱ ምቾቷን ትታ ወደዚያ ድኻ ትምህርት ቤት መጣች። በ1826 የሰው ልጅ አስተዳደግ የተባለውን ዋና መጽሐፉን አሳተመ። ስለ አጻጻፉ እውነቱን እንናገርና፣ ፍሮቤል ሐሳቡ ጥልቅ ቢሆንም ብዕሩ ጭጋግ የበዛበት ሰው ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ፍጻሜውን ሳያሳየን ወደ ሰማይ ይወጣል። ስለ ኳስ የጻፈውን ያነበበ ሰው ስለ ኳስ ያነበበ አይመስለውም። እጁ ግን ከብዕሩ የበለጠ ግልጽ ነበር።

ትምህርት ቤቱ በገንዘብ እጦትና በመንግሥት ጥርጣሬ እየተዳከመ ሲሄድ ፍሮቤል በ1831 ወደ ስዊስ ሄደ፤ በ1835ም በቡርግዶርፍ የወላጅ አልባ ልጆች ቤት ኃላፊ ሆነ። እዚያም አንድ ነገር ተገነዘበ። ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣው የዕድሜውን ዋነኛ ክፍል ማንም ሳያስብለት ከጨረሰ በኋላ ነው። ትምህርት ከስድስት ዓመት በታች መጀመር አለበት፤ ይሁን እንጂ ያ ዕድሜ ፊደልና ወንበር የሚችል ዕድሜ አይደለም። ታዲያ ሕፃኑ በምን ይማር?

መልሱ ጨዋታ ሆነ። በ1837 ወደ ቱሪንጊያ ተመልሶ በባድ ብላንከንቡርግ ለትንንሽ ልጆች መጫወቻ የሚያዘጋጅና የሚያከፋፍል ቤት ከፈተ። መጫወቻዎቹን ስጦታ ብሎ ጠራቸው። የመጀመሪያው ስጦታ በየቀለሙ ከሱፍ ክር የተሠሩ ስድስት ትንንሽ ኳሶች ናቸው። ሁለተኛው ከእንጨት የተጠረበ ሉል፣ ኩብና ሲሊንደር ነው፤ ሉሉ ይንከባለላል፣ ኩቡ ይቆማል፣ ሲሊንደሩ ግን እንደ አያያዙ ይንከባለላልም ይቆማልም። ሦስተኛው ስጦታ ዝነኛው ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጐን ያለው አንድ ኩብ በየአቅጣጫው አንድ አንድ ጊዜ ተቈርጦ ስምንት እኩል ኩቦች ይሆናል። አራተኛው ደግሞ በስምንት ጡብ መሰል ጠፍጣፋ ቁራጮች የተከፈለ ኩብ ነው። አምስተኛውና ስድስተኛው ቁራጮቻቸው ሠላሳ ዘጠኝና ሠላሳ ስድስት ደርሰው ይበልጥ የረቀቁ ናቸው።

አጨዋወቱ ሥርዓት ነበረው። ኩቦቹ የሚቀመጡት ክዳን ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ልጁ ሣጥኑን ገልብጦ ክዳኑን ከሥሩ ስቦ ያወጣል፤ ከዚያ ሣጥኑን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲያነሣ ስምንቱ ኩቦች አንድ ሙሉ ኩብ ሆነው ከፊቱ ይቆማሉ። ጨዋታው ከሙሉ ይጀምርና በሙሉ ይፈጸማል። በመካከሉ ልጁ ሦስት ዓይነት ነገር ይሠራል፤ ወንበር፣ ድልድይ፣ ቤት የመሰሉ የኑሮ ነገሮችን፤ ግማሽና ሩብ የመሰሉ የሒሳብ ነገሮችን፤ ኮከብና አበባ የመሰሉ ለዓይን የሚያምሩ ቅርጾችን። ስምንቱም ኩቦች በየቅርጹ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ አንድም ተራፊ አይኖርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመን ደንብ ግን የሚከተለው ነው። ልጁ ወንበሩን ሠርቶ አልጋ መሥራት ቢፈልግ ወንበሩን በእጁ ደርምሶ እንደገና ከባዶ አይጀምርም። አንድ ሁለት ኩብ ብቻ በማንቀሳቀስ ወንበሩን ወደ አልጋነት ይለውጠዋል፤ አልጋውን ወደ ድልድይ፣ ድልድዩን ወደ በር። አዲሱ ከቀድሞው ይወለዳል እንጂ በቀድሞው መፍረስ ላይ አይቆምም። የክሪስታሉ ትምህርት እዚህ ላይ ደረሰ።

ለጨዋታው ቤት ተስማሚ ስም የተገኘው፣ ከላይ እንደ ተናገርነው፣ በ1840 ነው። ልጅ ተክል ነው፤ መምህሩም አትክልተኛ ነው፤ አትክልተኛ ውኃ ያጠጣል፣ አረም ይነቅላል እንጂ ቅጠሉን እየጐተተ አያሳድግም። ልጆቹ በእውነትም እያንዳንዳቸው የሚንከባከቡት የየራሳቸው ትንሽ መደብ መሬት ነበራቸው። ሄንሪየተ ግን ይህን ሳታይ በ1839 ሞታ ነበር። ፍሮቤል ልጅ ሳይወልድ ብቻውን ቀረ።

በ1844 ለእናቶች የሚሆን የመዝሙርና የጣት ጨዋታ መጽሐፍ አወጣ። ወጣት ሴቶችንም ለዚህ ሥራ አሠለጠነ። በዚያ ዘመን ማስተማር በአብዛኛው የወንድ ሙያ ተደርጎ ይታይ ስለ ነበር ሴቶችን ለመምህርነት ማዘጋጀቱ ራሱን የቻለ ድፍረት ነበር። በ1849 ወደ ባድ ሊበንሽታይን ሄዶ ሰፈረ። የመንደሩ ሰዎች ጠጕሩ የሸበተውን ረጅሙን ሰውዬ ከባላገር ሕፃናት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲዘልና ሲዘምር ሲያዩት እንደ ጅል ቈጠሩት። ለጠበል ወደዚያ የመጣች ቤርታ ፎን ማረንሆልትዝ ቢውሎ የምትባል የመኳንንት ወገን የሆነች ሴት ግን ወሬውን ሰምታ ሄዳ አየችው፤ ጅል አለመሆኑንም ወዲያው ተረዳች። ፍሮቤል ከሞተ በኋላ ስሙ በአውሮፓ የታወቀው ከማንም ይበልጥ በእርሷ ድካም ነው።

በሰኔ 1851 ፍሮቤል ተማሪውና ረዳቱ የነበረችውን ሉዊዘ ሌቪንን አገባ፤ እርሱ ስድሳ ዘጠኝ፣ እርሷ ሠላሳ ስድስት ዓመት ነበራቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 7 ቀን፣ የፕሩሲያ የትምህርት ሚኒስትር ካርል ፎን ራውመር በአገሩ ውስጥ አፀደ ሕፃናት እንዲዘጋ አዘዘ። ምክንያቱም ቤቶቹ ልጆችን ወደ ክሕደትና ወደ ሶሻሊዝም ይመራሉ የሚል ነበር። ሚኒስትሩ ማስረጃ ያደረገው የፍሮቤል የወንድሙ ልጅ ካርል ፍሮቤል ስለ ሴቶች ከፍተኛ ትምህርትና ስለ አፀደ ሕፃናት ያሳተመውን ጽሑፍ ነው። አጎቱና የወንድም ልጁ አንድ ሰው ተደርገው ተቈጠሩ። ሽማግሌው እኔ እርሱ አይደለሁም ብሎ ጻፈ፤ የሁለቱን ሥራ ልዩነት አስረዳ፤ አቤቱታ አቀረበ። ስሕተቱ ቢታወቅም ትእዛዙ አልተነሣም። መንግሥት ስሙን ብቻ ነው የተሳሳተው፣ ፍርሃቱ ግን ትክክል ነበር የሚሉ አሉ፤ በራሱ እጅ መሥራትና በራሱ ማሰብ የለመደ ልጅ ሲያድግ ትእዛዝ ዝም ብሎ አይቀበልምና። እኛም ወደዚህ አስተያየት እናዘነብላለን።

ፍሮቤል ሥራው ተከልክሎ ሳለ ሰባኛ ዓመቱን አከበረ፤ ከሁለት ወር በኋላም ሰኔ 21 ቀን 1852 በማሪየንታል ሞተ። በአቅራቢያው ባለችው በሽቫይና ተቀበረ። በመቃብሩ ላይ ያቆሙለት ሐውልት ከድንጋይ የተጠረበ ኩብ፣ ሲሊንደርና ሉል ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደርድሮ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ ብዙዎች የመጀመሪያዋ የፕሮግራም ጸሐፊ የሚሏት ኤዳ ላቭሌስ በለንደን ሞተች። የሁለቱን ሥራ ያገናኘው ሌላ መቶ ዓመት ነው።

ክልከላው በ1860 ተነሣ። ከዚያ በፊት ግን የተከለከለው ነገር ድንበር አልፎ ሄዶ ነበር። በ1856 ማርጋሬተ ሹርትስ የምትባል ጀርመናዊት ስደተኛ በአሜሪካ በዊስኮንሰን ግዛት፣ ዋተርታውን በምትባል ከተማ የመጀመሪያውን አፀደ ሕፃናት በጀርመንኛ ከፈተች። በ1860 ኤልሳቤጥ ፒቦዲ በቦስተን በእንግሊዝኛ ከፈተች፤ በ1873ም ሱዛን ብሎ በሴንት ሉዊስ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጋር አያያዘችው። የገበታ ጨዋታ እየሠራ ይሸጥ የነበረው ሚልተን ብራድሊ ኩቦቹን በብዛት ማምረት ጀመረ። በ1876 በፊላዴልፊያ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ አንዲት እናት እነዚህን ኩቦች አይታ ለልጇ ገዛችለት፤ ልጁ ፍራንክ ሎይድ ራይት ነበር፤ በአሜሪካ የሕንፃ ጥበብ ትልቁን ስም ካገኘም በኋላ ኩቦቹ ከጣቶቹ ላይ እንዳልጠፉ ይናገር ነበር።

ነገር ግን ዝና ሁልጊዜ ጥቅም ብቻ አያመጣም። ኩቦቹ በሺህ የሚቈጠሩ ትምህርት ቤቶች ሲገቡ አትክልተኛው ቀርቶ አለቃ መጣ። ልጆቹ በትንንሽ አራት ማዕዘን መስመር በተሰመረበት ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ መምህርቷ አንድ ኩብ ወደ ቀኝ ስትል ሁሉም አንድ ኩብ ወደ ቀኝ ይወስዳሉ፤ አንድ ወደ ላይ ስትል አንድ ወደ ላይ። በመጨረሻ በጠረጴዛው ላይ ሠላሳ አንድ ዓይነት ድልድይ ይቆማል። ሠላሳ ድልድይ ተሠራ እንጂ ድልድይ የሠራ ልጅ አልነበረም። ስታንሊ ሆልና ጆን ዲዊን የመሰሉ ሊቃውንት ይህን አይተው ነቀፉ። ጥፋቱን ሁሉ በተከታዮቹ ላይ መጫን ግን ትክክል አይመስለንም። ፍሮቤል ራሱ ቅርጾቹን በተራ በተራ ሥሎ የመምሪያ መጻሕፍት አውጥቷል፤ ሥርዓትን ከመውደዱ የተነሣ ነፃነትንና ሰልፍን የሚለየውን ድንበር አጥብቆ አላሰመረውም።

ከዚህ በኋላ ኩቡ ከእንጨት ወደ ስክሪን የተሻገረበትን መንገድ እናውሳ። በ1967 ሲሞር ፓፐርት፣ ዋሊ ፎይርዛይግና ሲንቲያ ሰሎሞን በማሳቹሴትስ ግዛት በካምብሪጅ ከተማ ሎጎ የተባለውን የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ሠሩ። ልጁ ኮምፒዩተሩን ያዝዛል እንጂ ኮምፒዩተሩ ልጁን አያዝዝም የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ሎጎ ግን በፊደል የሚጻፍ ስለ ሆነ አንድ ፊደል ያሳሳተ ልጅ ሥራው ይቆምበት ነበር። እኛም በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ሳለን በመጀመሪያው የፕሮግራም ትምህርት አንዲት ነጠላ ምልክት ረስተን አንድ ሙሉ ከሰዓት ስናፈላልግ የዋልንበትን ቀን እናስታውሳለን። በ2007 ሚቸል ሬዝኒክ የሚመራው ቡድን ያወጣው ስክራች ይህን ችግር በቅርጽ ፈታው። መጀመሪያ የሚቀመጠው ብሎክ አናቱ ቆብ መሰል ስለ ሆነ በላዩ ሌላ አይገጠምበትም፤ የሚደጋግመው ብሎክ አፉን የከፈተ ስለ ሆነ ሌሎቹን በሆዱ ይይዛል፤ እውነት ወይም ሐሰት የሚመልሰው ብሎክ ባለ ስድስት ማዕዘን ስለ ሆነ የሚገባው በባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ብቻ ነው። የማይሆነው ነገር አይገጥምም። የተሳሳተ ሐሳብ ሊኖር ይችላል፤ የተሳሳተ ፊደል ግን የለም። ቋንቋውንም መምረጥ ስለሚቻልና ከምርጫዎቹ አንዱ አማርኛ ስለ ሆነ የእኛ ልጅ እንግሊዝኛ እስኪያውቅ መጠበቅ አይኖርበትም።

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን ሦስት አሮጌ ኮምፒዩተር አሰባስበን፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ስክራች ጭነን፣ ለአሥራ ሁለት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ማስተማር ጀመርን። የመረጥነው ጨዋታ ቀላል ነበር። ብርቱካን ከሰማይ ይወርዳል፤ ልጁ ዘንቢሉን በቀስት ምልክቶቹ ቀኝና ግራ እያስኬደ ይቀልበዋል፤ ብርቱካኑ ዘንቢሉን ሲነካ ነጥቡ በአንድ ይጨምራል፣ ብርቱካኑም ተመልሶ ከላይ ከሌላ ቦታ ይጀምራል። ለብርቱካኑ ከሰባት ወይም ከስምንት ብሎክ በላይ አያስፈልግም። የስክራች መድረክ ስፋቱ 480፣ ቁመቱ 360 ነው፤ መካከሉ ዜሮ ስለ ሆነ መውረድ ማለት ከቁመቱ ላይ መቀነስ ማለት ነው፤ ብርቱካኑን የሚያወርደው ብሎክ ውስጥም የተጻፈው ቁጥር ነጌቲቭ አምስት ነበር።

እኛ ብሎኮቹን በነጭ ሰሌዳ ላይ በተራ ሣልናቸው፤ ልጆቹም እያዩ ገጠሙ። ቅዳሜው ሲያልቅ በሦስቱም ኮምፒዩተር ላይ አንድ ዓይነት ብርቱካን በአንድ ዓይነት ዘንቢል ውስጥ ይወድቅ ነበር። ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ሄድን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከአሥራ ሁለቱ ሰባት ብቻ መጡ፤ ከመጡትም ያን ጨዋታ ልክፈት ያለ አልነበረም። ስለ ፍሮቤል ማንበብ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው፤ መስመር በተሰመረበት ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡትን ልጆች ባነበብን ጊዜም ነጩ ሰሌዳችን ትዝ አለን።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሰሌዳውን ወደ ግድግዳ አዞርነው። የብርቱካኑን ጨዋታ ብቻ ከፍተን፣ አንዲት ነገር ለውጡና ምን እንደሚሆን እዩ አልናቸው፤ አታፍርሱም አልን። አንዱ ልጅ አምስቱን ሃምሳ አደረገውና ብርቱካኑ ሳይታይ ወረደ፤ ሁሉም ሳቁ። ዘጠኝ ዓመት የሆናት አንዲት ልጅ ደግሞ ከአምስቱ ፊት ያለችውን ትንሽ ሰረዝ አጠፋቻት። ብርቱካኑ ወደ ላይ ወጥቶ ከመድረኩ ጫፍ ላይ ተለጥፎ ቀረ። እኛ ስሕተቷን ልናርምላት እጃችንን ዘርግተን ነበር፤ እርሷ ግን ቀድማ ብርቱካኑን በፊኛ ለወጠችው፤ የሚነሣበትንም ቦታ ከላይ ወደ ታች አወረደችው። ዘንቢሉን ወደ ላይ ወስዳ እርግብ አደረገችው። የቀሩትን ብሎኮች አልነካችም። ሰዓቱ ሲያልቅ ፊኛው ከታች እየተነሣ ይወጣ፣ እርግቧም ከላይ ወዲያና ወዲህ እየበረረች ትጠብቀው ነበር፤ ልጆቹም ተራ ለመያዝ ከወንበሯ ኋላ ተሰልፈው እናቶቻቸው ሲጠሯቸው አልሰሙም።